በአባታችን እጅ የተለካ መረብ

መረብ ስሸጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ መረብ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይህ ለመርካቶ ሰው አያስገርምም። እህል በረንዳ ጤፍ የሚያራግፍ ሁሉ ማሳ ረግጧል ማለት አይደለም። እኛ የምናውቀው ዕቃው ከመኪና ሲወርድና መኪና ላይ ሲጫን ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው የአላህ ሥራ ነው፤ አንገባበትም።

ዘይነባ እባላለሁ። ሱቄ ገመድ፣ ሲባጎ፣ ሸራና የዓሣ መረብ ከሚሸጥበት መደዳ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ ማንበብና መጻፍ ስችል አባቴ «ይበቃል፣ ቀሪውን መርካቶ ታስተምርሻለች» ብሎ ከባንኮኒው ኋላ አቆመኝ። መርካቶም አስተማረችኝ፤ እሷ ግን መጀመሪያ ፈትና ኋላ ነው የምታስተምረው።

ሱቁ የአባታችን የሐጂ ነበር። አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለሸምሱ እኩል ከፈሉን፤ መሐሉ ላይ የላሜራ ግድግዳ ቆመ። ጠባችን የተጀመረው የማዕዘኑን በር ማን ይያዝ በሚል ነው። እያደር በሩ ተረሳና ጠቡ ብቻ ቀረ። ዓመታት አለፉ። እኔ ላሜራውን ከዚህ፣ እሱ ከዚያ ተደግፈን እንውላለን። ሲያስነጥስ ይሰማኛል፤ «የርሐሙከላህ» ማለት ግዴታ ነውና በሆዴ እላለሁ። ድምፄን ግን አላሰማውም።

መነጋገር ግድ ሲሆን በሦስተኛ ሰው እንነጋገር ነበር። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ተሸካሚ ጠርቼ «ለዚህ ሰውዬ ንገርልኝ፣ የውኃ መውረጃውን ይጥረግ» እላለሁ። ተሸካሚው አፉን ሳይከፍት ከላሜራው ወዲያ መልሱ ይመጣል፤ «ለሴትዮዋ ንገራት፣ ከትናንት ወዲያ ጠርጌዋለሁ!» ደንበኞቻችን ለምደውታል። አንዳንዱማ የሁለታችንን ቃል እየጨመረ እየቀነሰ ያደርስልን ነበር፤ ደላላ ምን ጊዜም ድርሻውን አይተውም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሸራዎቹን ማድረቅ በጀመረችበት ሰሞን፣ አንድ ረዥም ሽማግሌና አንዲት ቦርሳ በጀርባዋ ያዘለች ወጣት ሱቄ ገቡ። አባትና ልጅ መሰሉኝ፤ ምክንያቱም እየተጨቃጨቁ ነው የገቡት።

«የመኪናውን መስኮት ይዝጉልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት?»

«ዓሣ ነሽ እንዴ፣ አየር የምትፈሪ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የሐጂ ልጅ አንቺ ነሽ? ዳምጤ ነኝ፤ ከዝዋይ በስልክ ያዘዝኩሽ» አሉ።

አወቅኋቸው። ለዓሣ አጥማጆች ማኅበራቸው ብዙ መረብ አዝዘው ነበር፤ ባለ አራት ጣት ቀዳዳ። ዓሣ አጥማጅ መረብን በጣት ነው የሚለካው። እጁን ቀዳዳው ውስጥ ይሰድና ስንት ጣት እንደሚገባ ያያል። እኔም ካስመጪው አስመጥቼ፣ ቦንዳ በቦንዳ አስሬ አስቀምጬላቸዋለሁ።

«ይህቺ ደግሞ ዶክተር ማህሌት ናት» አሉ፣ የራሱን ልጅ እንደሚያስመርቅ ሰው ደረታቸውን ነፍተው።

«እሰይ!» አልኩ። «ዶክተር፣ ይሄ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ...»

«የዓሣ ነኝ፣ እትዬ። ዓሣ ነው የማጠናው።»

«ዓሣ ጉልበት የለውም?»

ሳቀች። ሳቋ ሽማግሌውንም አሳቀ። ጥሩ ቀን ሊሆን ነው ብዬ ቦንዳውን ፈታሁ። ጋሽ ዳምጤ የመረቡን ጫፍ ዘርግተው እጃቸውን ሰደዱ። የዕድሜ ልክ መቅዘፊያና ገመድ ያደነደነው፣ ሰፌድ የሚያክል እጅ ነው። ሦስት ጣት ገባ። አራተኛው አልገባም። እጃቸውን አወጡና ሌላ ቀዳዳ ሞከሩ። ቀጥሎ ሌላ ቦንዳ አስፈቱኝ። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ያንኑ ኪሱን ደጋግሞ እንደሚፈትሽ፣ ደጋግመው ሞከሩ። ማህሌት ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ ለካች፤ ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ሁሉ ጠፋ።

«በምን ለክተሽ ነው ያዘዝሽው፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ዳምጤ በቀስታ።

«እርስዎ እንዳሉኝ፤ በአራት ጣት።»

«በማን አራት ጣት?»

እጄን አነሣሁ። ሦስታችንም እጄን አየነው። የእኔ እጅ ትንሽ ነው፤ ቀለበት እንኳ ከሕፃናቱ መደርደሪያ ነው የምገዛው።

«ለአባትሽ ‘ይህን ያህል ጣት’ ብዬ ሳዝዝ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም!»

«የአባቴ እጅ እንደ እርስዎ ነበር» አልኩ።

«ሴንቲ ሜትሩን ንገሯቸው ብዬዎት ነበር» አለች ማህሌት።

«ዓሣ ሴንቲ ሜትር አያውቅም፣ ዶክተር።»

«የእትዬንስ ጣት ያውቃል?» አለችና ወዲያው ተጸጸተች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ራሴ መደወል ነበረብኝ።»

«የለም፣ የእኔ ነው። ሐጂ የሞተ ቀን እጁም አብሮት እንደሄደ ማሰብ ነበረብኝ።»

«ኧረ የእኔ ነው፤ ለምን ቢሉ ሻጯ እኔ ነኝ» አልኩ። መርካቶ ውስጥ ሦስት ሰው ጥፋት ለመውሰድ ሲሻማ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ነጋዴነቴ ቀደመኝና፣ «ግን እኮ ሲረጥብ ይለጠጣል» አልኩ። መርካቶ ውስጥ «ይለጠጣል» የማይባል ዕቃ የለም፤ ጫማ ይለጠጣል፣ ሱሪ ይለጠጣል፣ ቀጠሮም ይለጠጣል። ጋሽ ዳምጤ ግን አልተቆጡኝም። ገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጡና፣ «አንቺ ሻጭ ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ግን ይሄ ጣት ምን እንደሆነ ስሚኝ» አሉ።

ከዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ።

ማህሌት መጀመሪያ ሐይቁ ዳር የመጣች ጊዜ ዓሣ አጥማጆቹ አልወደዷትም። ዓሣቸውን መዝና ለመንግሥት የምትነግርባቸው መሰላቸው። «ሚዛኗን ነጥቄ ሐይቅ ውስጥ ወረወርኩት» አሉ ጋሽ ዳምጤ።

«እኔም ተከትዬው ዘለልኩ።»

«ዋና ሳትችል!»

«እሳቸው አወጡኝ።»

«ሚዛኑ ግን አሁንም እዚያው ነው» አሉ፤ ለሚዛኑ ያዘኑ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሚዛን ብላ የምትሞት ሴት ሌባ ልትሆን አትችልም ብዬ በነጋታው ጀልባዬ ላይ አሳፈርኳት።»

ከዚያ በኋላ ዓመታት አብረው ቀዘፉ። የተለያየ ቀዳዳ ያላቸውን መረቦች ጎን ለጎን እየጣሉ ሞከሩ። እሳቸው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲያዝ ጭንቅላቱ የት ላይ እንደሚሰካ አሳዩአት፤ እሷ ሆዱን ከፍታ እንቁላሉን አሳየቻቸው። የደረሱበት ነገር ቀላል ነው። ሦስት ጣት መረብ የሚይዘው ቆሮሶ ገና ያልወለደ ነው። አራት ጣት የሚይዘው ግን ቢያንስ አንዴ የወለደ ነው። ያልወለደውን ከበላህ፣ ከርሞ የምትበላው የለህም።

«ይህን እሷ ብቻ ብትናገር ‘የወረቀት ወሬ’ ይሏት ነበር» አሉ ጋሽ ዳምጤ።

«እሳቸው ብቻ ቢናገሩ ደግሞ ‘አርጅተዋል’ ይሏቸው ነበር» አለች።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲናገሩ ግን ማኅበሩ ሰማ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ሐይቁን ሊዘጉት ተስማሙ፤ ወሩን ሙሉ በጎመንና በዱቤ ታግሠው ዘጉት። ሲከፈት በሰፊ መረብ ብቻ ሊያጠምዱ ማሉ። ጠባቡን መረብ ሁሉ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት፣ ቁልፉንም ለጋሽ ዳምጤ ሰጡ። ሐይቁ የሚከፈተው ሐሙስ ንጋት ነው። ሰፊው መረብ ሐሙስ ንጋት ካልደረሰ፣ ጋሽ ዳምጤ ቁልፉን ሊመልሱላቸው ቃል ገብተዋል። የአባላቱ ልጆች መብላት አለባቸውና።

«ገና ያልወለደው ሁሉ አሁን ዳር ዳሩን ቄጠማ ውስጥ ነው» አለች ማህሌት። «ጠባቡ መረብ ሐሙስ ከገባ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ሐይቅ ዝጉ ቢላቸው አይሰሙም።»

ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን እያዩ፣ «እኔም ዳግመኛ ቃሌን የሚሰማ አላገኝም» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔ አልነበረም።

ስልኬን አነሣሁ። አስመጪዎችን፣ የመደዳውን ነጋዴዎች፣ ዱባይ ተራ ያሉትን ሳይቀር ደወልኩ። «ሰፊ ማን ይገዛል?» ነበር የሁሉም መልስ። አንዱ የእግር ኳስ ጎል መረብ አለኝ ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ። «ወንድሜ፣ ዓሣ እንጂ በረኛ አይደለም የምንይዘው» ብዬ ዘጋሁበት።

ሰፊ መረብ የት እንዳለ ግን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። በሕይወት ሳለ አባታችን አንድ ጊዜ ብዙ ቦንዳ ሰፊ መረብ ገዝቶ ገዢ አጥቶበታል። ሱቁ ሲከፈል ያ ሁሉ ለሸምሱ ደረሰው። እኔ ፈጥኖ የሚሸጠውን ጠባቡን ወስጄ ሳቅኩበት። ሳቄን ሰምቷል። ቦንዳዎቹ እስከ ዛሬ ከላሜራው ወዲያ፣ ከሱ ሱቅ ቆጥ ላይ አቧራ ይጠጣሉ።

አላውቅም ብል ማን ይይዘኛል? ሽማግሌው አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ይህን እያሰብኩ ማህሌትን አየኋት። የጋሽ ዳምጤን ኮት ትከሻ ላይ ያለ አንድ ክር ቀስ ብላ እያነሣችላቸው ነው። ሚዛኗን የወረወሩባት ሰውዬ ናቸው እኮ!

«ጋሽ ዳምጤ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወዲያ ማዶ ላለው ሰውዬ ንገሩልኝ። ቆጡ ላይ ያለውን የአባቱን መረብ ለእርስዎ ይሽጥልዎት።»

ጋሽ ዳምጤ ግራ ተጋብተው ከሱቄ ወጥተው አንገታቸውን ወደ ሸምሱ ሱቅ ብቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እህት... ሴትዮዋ...»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለ ሸምሱ። ድምፁን ልክ እንደ እኔ ከፍ አደረገው። «ለሴትዮዋ ንገሯት፣ እሷ የሳቀችበት ዕቃ ነው፤ አይሸጥም።»

ጋሽ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሩ። «አይሸጥም ይላል።»

«ለሰውየው ንገሩት፣ ለኔ አይደለም፤ ለሐይቁ ነው።»

«ለሴትዮዋ ንገሯት፣ ሐይቁ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ።»

ጋሽ ዳምጤ መንገዱ ላይ ቆመው ግራና ቀኝ አዩን። የኔን ፊት ያያሉ፣ የሱን ፊት ያያሉ፤ እኛ ብቻ ነን የማንተያየው። «ማህሌቴ፣» አሉ፣ «እኛም እንዲህ ነበርን?»

«እኛ በሰው ነበር የምንሰዳደበው» አለች። «ረሱት? ‘ለዚያች ልጅ ንገራት’ ይሉ ነበር፤ አጠገብዎት ቆሜ።»

«እኛን ቢያንስ ሐይቅ ነው የለየን። እነዚህን እኮ ላሜራ ነው!»

ከጎን ሱቅ ያሉት ነጋዴዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሸምሱም አልሳቀም። ሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ በነፃም እሰጥዎታለሁ። ግን ራሷ ትጠይቀኝ። በሰው ሳይሆን በራሷ አፍ» አለ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይሄ ምን ያህል ከባድ ነው ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ከባድ ነው። ጉምሩክ ፊት ቆሜ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያን ቀን ግን ከበሬ እስከ ወንድሜ በር ያለው ጥቂት እርምጃ ጎጃም ድረስ የራቀ መሰለኝ። ደረስኩ። ሸምሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲባጎ ይጠቀልላል። ጸጉሩ ከኋላ ሳስቷል። መቼ ነው የሳሳው? ላሜራ ድምፅ ያስተላልፋል እንጂ መላጣ አያሳይም።

«ሸምሱ» አልኩ።

«አቤት» አለ።

ሊለው ፈልጎ አይመስለኝም። አባታችን ታላቅ ሲጠራህ ሌላ መልስ የለም ብሎ ነው ያሳደገን፤ ቃሉ ከልጅነቱ አፍ ነው የወጣው። ሲባጎው ከእጁ ወደቀ። እኔም ልለው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«መረቡን ፈልጌው ነበር» አልኩ።

«ጠይቂኝ እንጂ ማን ከለከለሽ?» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አቧራ ነው፤ ከቆጡ የሚወርድ አቧራ።» ቆጡ ገና አልተነካም ነበር።

ቦንዳዎቹ ወረዱ። አንዱን አይጥ በልቶታል፤ ቀሪዎቹ ደህና ናቸው። ጋሽ ዳምጤ ቋጠሮውን በጥርሳቸውም በጉልበታቸውም ሞከሩት፤ አልተበጠሰም። እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ሸምሱ ቀደማቸውና የራሱን እጅ ሰደደ። አራት ጣት ገባ፤ ልክ ሆኖ፣ ሳይጠብ ሳይላላ። ማህሌት በማስመሪያዋ ለካችና በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ግን ማስመሪያውን አላየሁም። እዚያ መረብ ውስጥ ያለው የአባቴ እጅ ነው። ያው ወፍራም አንጓ፣ ያው ወደ ውስጥ የጎበጠ ትንሽ ጣት። ሐጂ ሲሞት እጁ አብሮት አልሄደም፤ ከላሜራው ወዲያ ነበር። ያዝኩት። መረቡም እጄም እጁም ተጠላለፉ፤ ጋሽ ዳምጤ ናቸው ሳቅ እያሉ የፈቱን።

አትሳሳቱ፣ ከዚያ ዋጋ ተከራክረናል። በነፃ ያለው በስሜት ነው።

መረብ ዝም ብሎ ውኃ ውስጥ አይጣልም። ላዩ ገመድ ላይ ታስሮ ተንሳፋፊ ይደረግለታል፣ ታችኛው ገመድ ላይ ማጥለቂያ እርሳስ። ሸምሱ ምን አለሽ ተራ ወርዶ እርሳስና የተጣለ የስፖንጅ ጫማ ሶል በማዳበሪያ አስጭኖ መጣ፤ ሶሉን በቢላ ቆራርጠን ተንሳፋፊ አደረግነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሸራ አነጠፍን። የገመድ ነጋዴው፣ ሥራ የፈታው ተሸካሚ፣ ስንሰዳደብ ወሬ ያመላልስልን የነበረው ሁሉ ተቀመጠ። እስኪመሽ ቋጠርን። ማህሌት ቋጠሮ አይሆንላትም። ጋሽ ዳምጤ እሷ የቋጠረችውን ቀስ ብለው ፈትተው መልሰው ሲቋጥሩት አየሁ። እሷም እንዳየቻቸው አየሁ።

ረቡዕ ንጋት በሸምሱ ፒካፕ ወጣን። እኔ ምን ቤት ነኝ ብል ጋሽ ዳምጤ፣ «የሸጥሽውን ነይና እይው» አሉኝ። ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓመታት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ወሬ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ሞጆን ስናልፍ አስነጠሰ።

«የርሐሙከላህ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

መሪውን ይዞ መንገዱን እያየ፣ «በሆድሽ ትይኝ እንደነበር አውቅ ነበር» አለ።

ሐሙስ ንጋት ሐይቁ ዳር የማኅበሩ ሰዎች ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። አንድ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ መረቡን ዘርግቶ አየና፣ «ጋሽ ዳምጤ፣ ይሄ ለቆሮሶ ነው ለጉማሬ?» አላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። ወሩን ሙሉ የታገሠ ሰው ሳቅ ነው። «ልጆቼ ቀዳዳ አይበሉም። ቁልፉን ይስጡን።»

ጋሽ ዳምጤ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በእጃቸው ያዙት። «አንድ ጊዜ ልጣለው። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቁኝ። ባዶ ከወጣ እኔ ራሴ እከፍትላችኋለሁ።»

ጀልባው ላይ እሳቸው፣ ማህሌትና እኔ ወጣን። ሸምሱ ውኃ ይፈራል፤ እኔም እፈራለሁ፤ ግን ታላቅ ነኝ። መረቡ ከጀልባው እየተንሸራተተ ገባ። ተንሳፋፊዎቹ፣ የማን እንደነበሩ የማይታወቁ ጫማዎች ቁርጥራጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ሆነው ውኃው ላይ ተሰለፉ። ጠበቅን። ከጀልባው ግራና ቀኝ ወፎች ብቻ ናቸው የሚያወሩት።

ጋሽ ዳምጤ መጎተት ጀመሩ። የመጀመሪያው ክንድ ባዶ። ቀጣዩም ባዶ። ውኃ ብቻ ይንጠባጠባል። ማህሌት የጀልባውን ጠርዝ ይዛለች፤ ጥፍሯ ነጥቷል። ወደ ዳር አየሁ፤ ሰዎቹ ቆመው ያዩናል። ዕድሜ ልኬን ዕቃ ሸጫለሁ፤ የሸጥኩት ዕቃ እንዲሠራ ዱዓ ያደረግሁት ያን ቀን ነው።

«መረቡ ከበደ» አሉ ጋሽ ዳምጤ በሹክሹክታ።

ወጣ። ከክንድ በላይ ባይሆንም፣ ሸምሱ በአንድ እጁ የማይጨብጠው ቆሮሶ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሁለት አንድ ላይ። ማህሌት አንዷን አንሥታ ሆዷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና፣ «ይህቺ ወልዳለች» አለች። «ጋሽ ዳምጤ፣ ይህቺ ወልዳለች!»

ከትልልቆቹ መሐል አንድ ትንሽ ነበረ፤ የኔን መዳፍ የሚያክል፣ ገና ያልወለደ። ቀዳዳው ላይ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ተርገፈገፈ፤ እንደ አዲስ መርፌ ያብረቀርቃል። መረቡ አልያዘውም። ሾልኮ ጠብ አለ። ጋሽ ዳምጤ ውኃው እስኪከደንበት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሂድ» አሉት። «ከርሞ ና።»

ዳር ስንደርስ ያ ጎልማሳ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ በእጁ መዘነ። በቁጥር በጠባቡ መረብ ከሚወጣው ያነሱ ነበሩ፤ በክብደት ግን እጁን ዝቅ ያደርጉታል። ሁሉም እሱን ያያል። በመጨረሻ አንዱን ቆሮሶ ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ «የኔ ድርሻ መረብ የትኛው ነው?» አለ።

ከዚያ ግርግር ሆነ። ሁሉም ከፒካፑ ላይ መረቡን ይወስዳል፣ ሸምሱ «ቀስ! ቀስ! ቋጠሮው!» ይላል። ጋሽ ዳምጤ ወደ ውኃው ዞረው ጎንበስ አሉና ፊታቸውን ታጠቡ። ፊት ለመታጠብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ማህሌት አጠገባቸው ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ሲጨርሱ ነጠላዋን አቀበለቻቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ ቅዱስ አልሆንኩም። አሁንም ነጋዴ ነኝ፤ አሁንም ሸራዬ «ይለጠጣል»። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌው ሐይቁን ያውቃሉ፤ ልጅቷ የዓሣውን ሆድ ታውቃለች፤ እኔ ሻጭነቱን አውቃለሁ፤ ወንድሜ ዕቃው ነበረው። አንዳችንም ብቻችንን ያንን ትንሽ ዓሣ ማስመለጥ አንችልም ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ መጠራራት ነው። ከምትወዱት ሰው ጋር በሦስተኛ ሰው የምትነጋገሩ ካላችሁ፣ ስሙን ጥሩት። «አቤት» ላይላችሁ ይችላል። ግን አፉ ቀድሞት ቢልስ?

እኔና ሸምሱ አሁን በየቀኑ እንጣላለን፤ በቀጥታ፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ደላላ። ትናንት አንድ ደንበኛ ሦስት ጣት መረብ ጠየቀ። ሸምሱ «ለወፍ መከልከያ ነው ይላል፣ እንሽጥለት» አለ፤ እኔ «ወፍ ነው ብሎ ሐይቅ ይወስደዋል» አልኩ። ተጯጯህን። ደንበኛው በመሐላችን ቆሞ ግራ ገባው። ተኮራረፍንና ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። ከዚያ ምሳ ደረሰ፤ አንድ ሰሐን ነበርና አብረን በላን።